ጣራችን የሚያፈሰው ምንድን ነው?

 

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ዝናቡ ካቆመ ከወር በላይ ሆኖት ሳለ፣ ለሱብሕ ሶላት ስትነሡ ከጣራው የውሃ ጠብታ ፊታችሁ ላይ አርፎ ያውቃል? እኔ በምኖርባት በደሴ ከተማ ይህ ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው። «ጣራው ያፈሳል» ይባላል። ሠራተኛ ይጠራል፤ ሬንጅ ይገዛል፤ የምስማሩ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይደፈናል፤ ለሠራተኛው ቡና ይፈላለታል፤ ሒሳቡም ይከፈለዋል። በማግሥቱ ሌሊት ጠብታው እንደገና ይወርዳል። ያን ጊዜ ሠራተኛው «ሌባ ነው» ተብሎ በየጎረቤቱ ይታማል። ለሬንጁ የወጣው ገንዘብ ሳያንስ የሐሜት ወንጀል ይጨመርበታል ማለት ነው።

ሠራተኛው ግን ሌባ አልነበረም። ጣራውም ቀዳዳ አልነበረውም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ደጅ ካለው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ግን ስድስት ሰባት ነፍስ ይተነፍሳል፣ ድስት ይፈላል፣ ያልደረቀ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ያ ሁሉ እርጥበት ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ፊታችሁ ላይ የሚንጠባጠበው የገዛ እስትንፋሳችሁ ነው! እስትንፋሱን ይዞ የወጣው ሙቀት ደግሞ በከሰል፣ በመብራት፣ በእንጨት የገዛችሁት ነው። እሱ በቆርቆሮው በኩል ወደ ሰማይ ሄዷል። እንግዲህ ጣራችን የሚያፈሰው ዝናብ ሳይሆን ገንዘባችን ነው።

ይህን ሳነሣ «ኡስታዙ ዛሬ ደግሞ ከፊቅህ ወርዶ ኮርኒስ ገባ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔም በበኩሌ የምጠይቀው አለኝ። ስለ ኢስራፍ ስንት ጊዜ ተናግረናል? በየረመዷኑ ስለ ሳምቡሳው ብዛት፣ ስለ ተረፈው ሾርባ፣ ስለ ተደፋው እንጀራ እንመክራለን። መልካም ነው። ነገር ግን የአባወራዎቻችን ምክር ሁልጊዜ እናቶች እጅ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ብቻ የሚያርፈው ለምንድን ነው? «ስኳሩ ቶሎ አለቀ»፣ «ዘይቱ ምን ሆነ»፣ «ከሰሉን የምትበዪው ነው ወይ?» ይባላል። ከሰሉን የበላችው እሷ ሳትሆን ጣራው ነው። ጣራው ደግሞ የማን ኃላፊነት ነው? ስኳር በማንኪያ የሚቆጥር፣ ቀና ብሎ ግን ጣራውን አይቶ የማያውቅ ወንድ ቆጣቢ አይባልም። ስስታም ሊባል ይችል ይሆናል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ምዕራፍ በ29ኛው አንቀጽ እጅን ከአንገት ጋር አስሮ መያዝንም፣ ፈጽሞ ዘርግቶ መልቀቅንም በአንድነት የከለከለው እንዲሁ አይደለም። የኛ ቤት እኮ ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ከታች ይታሠራል፣ ከላይ ይለቀቃል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ገላቸውን የሚታጠቡት ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ ባለ ውሃ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተጋጥሞ የሚይዘው ያህል ነው። በዚህ መጠን የተጠነቀቁ ነቢይ ኡመት የሆንን እኛ፣ ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ ሞልተን አቀጣጥለን ሙቀቱን ለሰማይ እንሰጣለን። ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ ይታያልና ያሳዝነናል፤ ሙቀት ሲፈስ ግን አይታይምና አንጨነቅለትም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ወንድም ደግሞ ነገሩን ወደ ዲን ያመጣዋል። «ብርድም ሙቀትም የአላህ ቀደር ነው፤ ሰብር ማድረግ ነው እንጂ ቤት ማሞቅ የዱንያ ወዳጅነት ነው» ይላል። ይህን የሚለው ወንድም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ብርድ ልብስ የሚተኛ ነው። ለማንኛውም ሱረቱ አን-ነሕልን ይክፈት፤ 80ኛውንና 81ኛውን አንቀጽ ያንብብ። አላህ (ሱ.ወ.) በባሮቹ ላይ የዋለውን ጸጋ ሲቆጥር ቤትን የዕረፍት ስፍራ ማድረጉን፣ ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራውን ድንኳን፣ ከሱፋቸውና ከፀጉራቸው የሚገኘውን የቤት ዕቃ፣ ከሙቀት የሚከላከለውንም ልብስ ያነሣል። ቆዳና ሱፍ ምንድን ናቸው? በውስጣቸው አየር ይዘው ብርድና ሙቀትን የሚከላከሉ ነገሮች አይደሉምን? ጌታህ እንደ ጸጋ የቆጠረልህን ነገር አንተ ዱንያ ብለህ ብትንቀው ዙህድ አይሆንም። ደግሞስ በብርድ የሚንቀጠቀጠው አንተ ብቻ ብትሆን ኖሮ ሰብርህን ባደነቅንልህ ነበር። የሚንቀጠቀጡት ግን ሕፃናቱ ናቸው። ማለዳ ለቂርኣት ሲመጡ አያቸዋለሁ። አፍንጫቸው ይፈሳል፤ ያስላሉ፤ ሌሊቱን በብርድ ሲገላበጡ ያደሩት በመጽሐፉ ላይ ያንቀላፋሉ። ስንት ዓመት ሙሉ «ሰነፍ» እያልኩ ስቆጣቸው ኖርኩ! አላህ ይማረኝ።

«ገንዘብ የለም» የሚለው ሁለተኛው መልስ ነው። ይህ መልስ እውነት የሆነበት ቤት አለ፤ ለዚያ ቤት የምለው ወደ ታች ይመጣል። አሁን የማነጋግረው ግን ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የዐረብ መጅሊስ የዘረጋውን፣ ባለሁለት ድርብ መጋረጃ የሰቀለውን፣ የግቢውን በር በወርቃማ ቀለም ያስቀባውን ወንድሜን ነው። ያ መጅሊስ ከየት መጣ? በብዙው ቤት እህታችን ወይም ልጃችን በጂዳ፣ በሪያድ፣ በቤይሩት የሰው ቤት እየጠረገች በላከችው ገንዘብ ነው። እሷ እዚያ የሰው ወለል ታጥባለች፤ እዚህ እናቷ ባማረ መጅሊስ ላይ፣ ባዶ ቆርቆሮ ሥር፣ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች!

በሰው ብቻ እንዳልፈርድ የራሴንም ልናገር። እህቴ ገንዘብ ልካልኝ እኔም የግቢውን በር ላስቀይር ተነሥቼ ነበር። ብረት ሠሪው መጥቶ ሲለካ እናቴ ከደጃፉ ተቀምጣ ትሰማለች። «ይኼ በር ለመንገደኛው ነው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። በሩ ቀረ፤ ኮርኒስ ተመታ። ወጪው ከበሩ ዋጋ እኩሌታ አልሞላም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጠብታው ቆመ፤ በወር የምንገዛውም ከሰል ቀነሰ። እናቴ ግን እስከዛሬ የምታወራው ስለ ከሰሉ ሳይሆን ሌሊት ለተሀጁድ ስትነሣ ጉልበቷ እንደማይቆረጥማት ነው።

የዲናሮቹን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሙስሊም ዘግቦታል። በአላህ መንገድ፣ ባሪያ ነፃ ለማውጣት፣ ለድሃ ከሚወጣውም ይልቅ ለቤተሰብ የወጣው ዲናር በምንዳ እንደሚበልጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረዋል። ለቤተሰብ ማለት ለእንግዳ ዓይን ማለት ነው ያለ ዓሊም ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው። በሰፈራችን አንዲት አራስ ነበረች። ክፍሏ ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ በርና መስኮቱ ተዘግቶ የተቀጣጠለ ከሰል ተገባላት። ጥቁሩ ሁሉ አልቆ ፍም ብቻ ስለሆነ «ጢስ የለውም» ተባለ። ሌሊት እናትዬዋ ራሷን አሟት ነቃች፤ ለመቆም ስትሞክር ጉልበቷ ከዳት፤ እየዳኸች ደርሳ በሩን ከፈተች። አልሐምዱ ሊላህ፣ አራሷም ሕፃኑም ተረፉ። ሁሉም ግን እንዲህ አልታደለም፤ በየብርዱ ወራት የምንሰማውን መርዶ ታውቁታላችሁ። ከሰል ፍም ከሆነም በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውየው ሳይነቃ ይወስደዋል። ስለዚህ «ጢስ የለውም» ማለት «አይገድልም» ማለት አይደለም!

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ሰዎቹ በውስጡ እንዳሉ በተቃጠለ ጊዜ ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነገራቸው። እሳት የሰው ጠላት መሆኑን ነግረው፣ ሲተኙ እንዲያጠፉት አዘዙ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ይህ ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ይገኛል። ስንቶቻችን ነን ይህን ሐዲስ ከነሰነዱ የምናውቅ፣ ማንደጃውን ግን አልጋ ሥር አድርገን የምንተኛ? ሱናን ከጢምና ከሱሪ ርዝመት ጋር ብቻ አያይዘን ስንከራከር ሌሊት ሕይወትን የሚያተርፈው ሱና በመኝታ ቤታችን ተረስቷል። እኔም ከተረሱት ቤቶች አንዱ ነበርኩ።

«ታዲያ ከሰል ካልገባ ብርዱን በምን እንቋቋመው?» ትሉኝ ይሆናል። የተባለው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መልስ የሚመስለው ሰው ሒሳቡን ያስላ። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በየምሽቱ አራት ሰዓት ቢበራ በቀን 8፣ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ ርካሹ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሲሆን ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም አብሮ ከፍ ይላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ይህን ሁሉ ከፍለን በቆርቆሮው በኩል ወደ ሰማይ ልንሰደው ነውን? መጀመሪያ ጣራው ይያዝ! ቀዳዳ እንስራን ከመሙላት በፊት መድፈን ይቀድማል።

ኮርኒስ ማለት የግድ ችፑድ ማለት አይደለም። ችፑድ ከተገኘ መልካም። ካልተገኘ የአቡጀዲ ኮርኒስ አያቶቻችን የሚያውቁት ነው። እሱም ካልተቻለ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ፣ ተተርትሮ፣ እርስ በርሱ ተሰፍቶ፣ ጥብቅ ተደርጎ ይወጠር። ሁለት ድርብ ቢሆንና በመሐሉ የጣት ያህል ክፍተት ቢኖረው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ብርዱን የሚከላከለው ከረጢቱ ሳይሆን በመሐል የታሠረው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ፔርሙዝ ሻዩን የሚያቆየውም በሁለት ግድግዳ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ነው። ካርቶንም ይሠራል። ሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት አጠገብ ጭድም ካርቶንም ከረጢትም እንዳይነካው፤ ይህም ቤት ያቃጥላል። ደግሞም ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ክፍተት በጣራው ጠርዝ በኩል አየር ያግኝ፤ ከታፈነ እርጥበቱ እዚያው ተጠራቅሞ እንጨቱን ያበሰብሳል። መዘጋት ያለበት ከኮርኒሱ በታች በግድግዳውና በበሩ ዙሪያ ያለው ሽንቁር ነው። ከሰል በሚነድበት ክፍል ግን ሽንቁሩን ዘግቶ መቀመጥ ሞትን መጥራት ነውና ማንደጃው ወደ ማድቤት ይሂድ። ማድቤትም የራሱ ጢስ መውጫ ይኑረው።

ስለ ግድግዳ ካነሣን የብሎኬት ኩራታችንንም ልንካው። ሰው ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያፍረው በጭቃ ቤቱ ነው። አፍርሶ በብሎኬት ይሠራል፤ ከዚያም «ይህ ቤት ለምን ይቀዘቅዛል?» ይላል። ሲሚንቶ ከጭቃና ከጭድ ይልቅ ሙቀት ያሳልፋል። በደንብ የቦካ፣ የጤፍ ጭድ የገባበት፣ ወፍራም ሆኖ የተመረገ ጭቃ በጭዱ ውስጥ አየር ይይዛልና ብርዱንም ሐሩሩንም ይመክታል። የሐረር ሙስሊሞች በጀጎል ውስጥ የሠሩትን የጥንት ቤት የገባ ሰው ይህን በገላው ያውቀዋል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ቶሎ አያስገባም። እነዚያ አባቶች መሐንዲስ ቀጥረው አልነበረም፤ ለቤተሰባቸው ተጨንቀው ነው። በቆላው፣ በሎጊያም ሆነ በድሬዳዋ ለሚኖረው ወንድማችንም ነገሩ ያው ነው። እኛ ሙቀት የሚወጣብንን ቆርቆሮ እሱ እንደ ምጣድ ከላዩ ይሸከመዋል፤ ኮርኒሱ ያንን ትኩሳት ይይዝለታል። የአፋር እናቶች ከዘንባባ በተሠራ ሰሌን ቤታቸውን የሚሸፍኑት ቆርቆሮ ጠፍቷቸው ብቻ አይመስለኝም።

ወለሉስ? በየዓመቱ ዒደል አድሓ ላይ ስንት የበግ ቆዳ ነው በየመንገዱ የሚጣለው! ነጋዴው ዋጋ አልሰጥም ካለ ወዲህ ቆሻሻ ሆኗል፤ ሰፈሩን ያሸታል። ብዙዎቹ የፊቅህ ዑለማዎች የኡድሒያ ቆዳ በባለቤቱ እንደማይሸጥ፣ ራሱ ሊጠቀምበት ወይም ሊሰጠው ግን እንደሚችል ተናግረዋል። እናቶቻችን በጨው አሽተው፣ ወጥረው፣ ፍቀው አጎዛ ያደርጉት ነበር። አጎዛ ላይ የተኛ ልጅ የወለሉ ብርድ አይነካውም። ዛሬ ግን አጎዛው «ያረጀ ነገር» ተብሎ ተጥሎ፣ በቦታው በስፖንጅ የተሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ምንጣፍ በገንዘብ ተገዝቷል። የመንዝ ዝተትና የወሎ ባናም ሁኔታ ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ሴቶች እህቶቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያገኘሁት ከባለቤቴ ነው። ለፊጥር የሚሆነውን የስንዴ ሾርባ ከሰል ላይ ሦስት ሰዓት ከማቆየት፣ ስንዴውን አሳድራ ትዘፈዝፈዋለች፤ ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ ካፈላችው በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ጭድ በተሞላ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዐስር በፊት አስቀምጣ ለመግሪብ ስትከፍተው ስንዴው በስሏል፤ አንድ ጊዜ መልሳ ታፈላውና ይቀርባል። የበረካው ቡና ካለቀ በኋላም ፍሙን በዐመድ አልብሳ ለነገ ታተርፈዋለች። በየቤቱ በረካ ተጠጥቶ ወሬው ሲቀጥል ለማንም ሳይጠቅም ዐመድ የሚሆነው ፍም ቢሰበሰብ ስንት ማዳበሪያ ከሰል ይወጣው ነበር!

ቤት ለምታከራዩ ወንድሞችም አጭር ቃል አለኝ። ለራሳችሁ ክፍል ኮርኒስ መትታችሁ፣ ከጓሮ ለተከራይ ባዶ ቆርቆሮ ትሰጣላችሁ። ለወንድሙ የሚወደውን ለራሱ የሚወደውን ያህል ካላደረገ ኢማኑ እንደማይሞላ የምናስተምረው ለተከራይ ሲሆን የሚነሣ ሕግ ነውን?

ይህ ጥያቄ የአላህ ቤት ድረስ ይሄዳል። ስለ አንድ መስጊድ ልናገር፤ የት እንደሆነ አልናገርም፤ ብዙ አንባቢ «የኛው ነው» እንደሚል እርግጠኛ ነኝ። የወንዶቹ መስገጃ ኮርኒስ አለው፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ መስተዋቱ ያበራል። ሚናራው ከሩቅ ይታያል። የሴቶቹ መስገጃ ግን ከኋላ የተቀጠለ ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳውና ጣራው አይገናኙም። በረመዷን እናቶች ለተራዊሕ ሕፃን አዝለው እዚያ ይቆማሉ። ዝናብ ሲዘንብ የኢማሙ ድምፅ በቆርቆሮው ጩኸት ይዋጣል። ብርድ ሲሆን አሮጊቶቹ ስምንት ረከዐ ሳይሞላ ጉልበታቸውን እየያዙ ይወጣሉ። «ሴቶች ተራዊሕ አያበዙም» ሲባልም ሰምቻለሁ!

እኔና ሌሎች አራት ሰዎች ለመስጊዱ ኮሚቴ በጽሑፍ አመለከትን። የሚያስፈልገውን ችፑድ ቆጥረን፣ እንጨቱን ለክተን፣ ሁለት አናጢዎች ያለ ዋጋ ሊሠሩ ቃል ገብተው ወረቀቱን አስገባን። የተሰጠን መልስ «የሚናራው ቀለም ሲያልቅ ይታያል» የሚል ነበር። የሚናራው ቀለም በረጀብ ወር አለቀ። አሁን ሸዕባን ተጋምሷል።